መስመሩ ከመሰመሩ በፊት መሬቱ ይጠና

ለነዳጅና ለጋዝ ቧንቧ መስመሮች ጥናት፣ ፈቃድና ቁጥጥር ኃላፊነት ላለባችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሚንቀሳቀስ መሬት ውስጥ ስለሚቀበሩ የነዳጅና የጋዝ ቧንቧዎች ደኅንነት

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአፈርና በድንጋይ ምርመራ ሥራ የምንተዳደር ጂኦሎጂስቶች፣ የጂኦቴክኒክ መሐንዲሶችና የቁፋሮ ባለሙያዎች ነን። ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለግድብና ለሕንፃ መሬት እንቆፍራለን፤ ናሙና እናወጣለን፤ መሬቱ ምን ያህል እንደሚሸከም እንጽፋለን። ጉዳዩን በየስብሰባውና በየሪፖርታችን ስናነሳ ቆይተናል። ሰሚ ስላጣን ነው በአደባባይ የመጣነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ውሳኔ ነው። ስሙን በማንጠራው የቧንቧ መስመር ቅድመ ጥናት ላይ የመሬት ምርመራው ከዕቅዱ ተቆርጦ ወጣ። ለምን ብለን ስንጠይቅ፣ ዝርዝሩን ግንባታውን የሚወስደው ተቋራጭ ያጠናዋል ተባልን። መስመሩ ግን ያኔ ካርታ ላይ ተሰምሯል። ርዝመቱ ታውቋል፤ ዋጋው ተገምቷል። ተቋራጩ ገብቶ መጥፎ መሬት ቢያገኝ መስመሩን ለማዞር ገንዘቡም ጊዜውም አይኖርም። በሌሎች ሥራዎች እንዳየነው እንዲህ ሲገጥመው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፣ ወይ ዝም ብሎ ቀብሮት ያልፋል። ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳን።

ቧንቧ አይሠራ አላልንም። የአገሪቱ ነዳጅ ከጅቡቲ የሚገባው በቦቴ መኪና ነው። መንገዱ ላይ የሚሞተውን ሰውና የሚቃጠለውን ንብረት እናውቃለን። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የነዳጅ ቧንቧ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በየካቲት 2011 ደግሞ የሶማሌ ክልልን ጋዝ ወደ ጅቡቲ የሚያደርስ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር ስምምነት ተፈረመ። ሁለቱም እስካሁን መሬት ላይ የሉም። መስከረም 2018 ላይ ግን በዚያው በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ ጎዴ ላይ ጋዝ የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከእንግዲህ ጋዝ በቧንቧ መሄዱ አይቀርም። ረጅም የነዳጅ ቧንቧ ቀብረንም ጠብቀንም ስለማናውቅ፣ የመጀመሪያውን በምን ዓይነት ልማድ እንደምንጀምር የሚወሰነው አሁን ነው።

ቅሬታችን በርከት ይላል። በትልቁ እንጀምር።

አንደኛ፣ ጥናቶቹ ቧንቧውን የሚያዩት ከውስጥ ብቻ ነው። ጋዙ ወይም ነዳጁ ይህን ያህል ይገፋል፣ ስለዚህ የብረቱ ውፍረት ይህን ያህል ይሁን ይባላል። ስሌቱ በራሱ ትክክል ነው። ግን መሬቱ ባለበት ይቀመጣል ብሎ ነው የሚነሳው። መሬት ሲንቀሳቀስ የቀበረውን ይዞ ይሄዳል። ቧንቧው ዙሪያውን በአፈር ስለታሰረ ማምለጫ የለውም። መሬቱ ሲሳሳብ ይለጠጣል፤ መሬቱ ሲጨመቅ ግድግዳው ይሸበሸብና ይታጠፋል። ጥሩ ብረት በደንብ ከተበየደ መለጠጡን ብዙ ይችላል። መጨመቁን ግን ያን ያህል አይችልም። መጀመሪያ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቧንቧ የተገጣጠመበት የዙሪያ ብየዳ ነው። ስለዚህ የመሬት ስብራት፣ ማለትም ዓለቱ ተሰብሮ ሁለቱ ወገን እርስ በርስ የሚንቀሳቀሱበትን መስመር፣ የሚሻገር ቧንቧ በየትኛው ማዕዘን ይሻገር የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። አንደኛው ማዕዘን ቧንቧውን ያስለጥጠዋል፣ ሌላው ያስጨምቀዋል። ይህን ለመወሰን ስብራቱ የት እንዳለ፣ ወደየት እንደሚሄድና በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ግድ ነው። ተቋራጩ ቦዩን ከቆፈረ በኋላ የሚደረስበት ነገር አይደለም።

የአገራችንን ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ። ትልልቆቹ መንቀጥቀጦች መጠናቸው ወደ 6 የተጠጋ ነበር፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተሰምቶታል። በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። ከሥር የቅልጥ ዓለት ወደ ጎን ሰርጎ መግባቱን የሳተላይት ራዳር ልኬቶች አሳይተዋል። አሁን ካርታ ዘርግታችሁ የ2008ቱ ስምምነት ቧንቧው የት ያልቃል እንዳለ ተመልከቱ። አዋሽ ነው። ከፈንታሌ ተራራ ብዙም አይርቅም።

የፈንታሌው ነገር ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። መጋቢት 1961 አፋር ውስጥ ሰርዶ ከተማ በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። ነሐሴ 1981 ደግሞ እዚያው አፋር፣ ዶቢ ላይ ከ6 በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች ተከታትለው የወደብ መንገዱን ጎድተዋል። መስከረም 1998 በአፋር ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፍሎ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ደባሁ ከታሰቡት መስመሮች ይርቃል፤ ያነሳነው ይህ ምድር ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ስምንት ሜትር መሳሳብን የሚችል የተቀበረ ቧንቧ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ መልሱ ዞሮ መሄድ ብቻ ነው።

መሻገር ግዴታ ሲሆን ደግሞ የሚሠራበት መንገድ አለ። የአላስካው የነዳጅ ቧንቧ ዴናሊ የተባለውን ስብራት ይሻገራል። ጂኦሎጂስቶች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ቧንቧው ሳይሠራ በፊት፣ ስብራቱ ወደ ጎን እስከ 6 ሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል አሉ። መሐንዲሶቹ ሰሟቸው። እዚያ ቦታ ላይ ቧንቧውን አልቀበሩትም፤ ከመሬት በላይ አውጥተው ጫማ በሚመስሉ ተንሸራታች ድጋፎች አግዳሚ ምሰሶ ላይ አስቀመጡት። በኖቬምበር 2002 እ.ኤ.አ. 7.9 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። መሬቱ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ጎን ሄደ። ቧንቧው ተንሸራተተ፣ አንዳንድ ድጋፎቹ ተጎዱ፤ አንድ ጠብታ ነዳጅ ግን አልፈሰሰም። ይህን ያመጣው ጂኦሎጂስቱ ከዲዛይነሩ ቀድሞ መጠራቱ ነው። እኛ የምንለምነውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ኦጋዴን የጀሶ ድንጋይ ነው። በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ፣ ጎዴና ቀብሪደሃር አካባቢ፣ ሰፊው መሬት ጂፕሰም ነው፤ በተለምዶ ጀሶ የምንለው። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስላል። ውሃ ሲያገኘው ግን ይሟሟል። በሶማሌ ክልል ለሌላ ሥራ የቆፈረ ባልደረባችን የናሙና ሳጥኑን ፎቶ ልኮልናል። ነጭ ድንጋይ በየመደዳው ተሰልፏል። መሃል ላይ ድንጋይ የለም። በቦታው ጥልቀቱ በማርከር የተጻፈበት የእንጨት ቁራጭ ተቀምጧል። ቆፋሪዎቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ ወደ ጉድጓዱ የሚልኩት ውሃ መመለሱን አቆመ፤ ቦቴ ሙሉ ውሃ ገብቶ ጠፋ። ከሥር ክፍት ነበር ማለት ነው። ላዩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን መኪና የሚነዳበት ሜዳ ነው።

እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቦይ ስትቆፍሩ የዝናብ ውሃ መሄጃ ታበጃላችሁ። ቦዩ ላላ ባለ አፈር ስለሚሞላ ውሃው ቧንቧውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ጀሶውን ያሟሟል፤ ከጊዜ በኋላ ቧንቧው ሥሩ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መፍትሔው ይታወቃል። ከሥር ክፍተት መኖሩን በጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ሳይቆፈር ከላይ በመሣሪያ በመለካት፣ መፈተሽ፣ በየተወሰነ ርቀት ቦዩን የሚዘጋ ግድብ ማድረግ፣ የላይ ውሃውን ወደ ሌላ ማፋሰስ። ከባድ ነገር አይደለም። ግን ማንም ሳያጠና የሚታወቅ ነገርም አይደለም። ምርመራው ከተቆረጠ የሚቆረጠው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋልካውና ወንዙ። ዋልካ አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ግድግዳው ሲሰነጠቅ አይቷል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል። ጥር ላይ ክንዳችሁን እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። ይህ አፈር ቧንቧውን በአንድ ቀን አይበጥሰውም። ዓመት በዓመት እያሸ፣ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ሽፋን ይገፍፈዋል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ሥራውን ይሠራል። መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅንም አትርሱት። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል፤ ውሃው ጨዋማ ነው፤ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ዛሬ ደረቅ የሆነው ቦታ ከሃያ ዓመት በኋላ ደረቅ ላይሆን ይችላል።

ወንዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። እንዲህ ያለ ጎርፍ የወንዙን ወለል ይጠርገዋል። ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀበረ ቧንቧ በአንድ ክረምት ራቁቱን ሊወጣ ይችላል። በኢኳዶር የሆነውን ተመልከቱ። በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ኮካ ወንዝ ላይ ያለው የሳን ራፋኤል ፏፏቴ ተደረመሰ። ወንዙ ወለሉን ወደ ምንጩ አቅጣጫ እየቦረቦረ ሄደ። በኤፕሪል 7 አጠገቡ የነበሩት የነዳጅ ቧንቧዎች ተበጠሱ። ከ15 ሺህ በርሜል በላይ ድፍድፍ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ታች ያሉ ነዋሪዎች የሚጠጡትንም የሚያጠምዱበትንም ውሃ አጡ። ፏፏቴው ከተደረመሰ በኋላ ለመጠንቀቅ ሁለት ወር ጊዜ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻል ነበር።

ተዳፋት መሬትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የሆነውን አገር በሙሉ አልቅሶበታል፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። የአባይ በረሃ መንገድ ሲንሸራተት የኖረ ነው። ከዝናብ በኋላ የተንሸራተተ ተዳፋት ቻይና ውስጥ በጉይጆ ግዛት በጁላይ 2017 እ.ኤ.አ. የጋዝ ቧንቧ በጥሶ ፍንዳታው 8 ሰው ገድሏል። ተዳፋት ላይ ቧንቧን በጎን አሻግሮ መውሰድ ከሁሉ የከፋው አቀማመጥ ነው፤ መሬቱ ሲወርድ መሃሉን ይዞት ይወርዳል። ወይ ሸንተረሩን ተከትሎ ይሂድ፣ ወይ ቀጥ ብሎ ይውረድ።

አራተኛ፣ ከተቀበረ በኋላ ማን ያየዋል? በየጥናቱ የግንባታ በጀት አለ። የክትትል በጀት ግን ፈልገን አጣን። መሬት የሚንቀሳቀሰው ግንባታው ካለቀም በኋላ ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚሄድና የቱ ጋ እንደታጠፈ የሚለካ መሣሪያ አለ። ቧንቧው ላይ የሚለጠፉ የመለጠጥ መለኪያዎች አሉ። አብሮ የሚቀበር የፋይበር ገመድ ንቅናቄን ይናገራል። የአውሮፓ ሳተላይቶች የራዳር ምስል ደግሞ በነፃ ይገኛል፤ የኛው ልጆች በዩኒቨርሲቲ እየሠሩበት ነው። ወጪው ከቧንቧው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን በሕግ ካልታዘዘ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ይህን የምንለው የኛ ሥራ እንዴት እንደተቆረጠ ስላየን ነው።

አምስተኛው ቅሬታ የኛ ብቻ አይደለም። መስመሩ የሚያልፍበት ሕዝብ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ካሳና ስለ ሥራ ዕድል ይነገረዋል። ቧንቧው ቢበጠስ ምን ያድርግ፣ ወደየት ይሽሽ፣ ማንን ይጥራ የሚለውን የነገረው የለም። በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ሳታርሺያ በምትባል ትንሽ መንደር በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮረብታ ተንሸራቶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቧንቧ በጠሰ። ጋዙ ሸለቆውን ሞላው። የመኪና ሞተር በኦክስጅን እጥረት ቆመ። ወደ 200 ሰው ከመንደሩ ወጣ፤ 45 ሰው ሆስፒታል ገባ። የአገሪቱ የቧንቧ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ኩባንያው የመሬት መንሸራተትን በአደጋ ዕቅዱ ውስጥ በደንብ አላስገባም፣ ለአካባቢው የአደጋ ሠራተኞችም በቂ መረጃ አልሰጠም ብሏል። አሜሪካ ስልክና አምቡላንስ አላት። የኛ ከብት አርቢ ግን ግመሉን ይዞ መስመሩ ላይ ያድራል፤ በአቅራቢያው ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ክብሪት ሲያገኝ ይነዳል። ቢያንስ የአደጋው ምልክት በራሱ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ሣር ያለ ምክንያት ሲደርቅ፣ መሬት ሲያፍዋጭ፣ ቦዩ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ ለማን እንደሚናገር ማወቅ አለበት። እንዲያውም ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ስንጥቁን የሚያየው እሱ ነው። ፈንታሌ ላይ የእንፋሎቱንና የስንጥቁን ቪዲዮ ለአገር ያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ክቡራንና ክቡራት፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የመሬት ምርመራው መስመሩ ከመወሰኑ በፊት፣ በባለቤቱ መሥሪያ ቤት ወጪና ትእዛዝ ይሠራ። ለተቋራጩ አይተው። በጀቱም ለሌላ ሥራ የማይዛወር ራሱን የቻለ በጀት ይሁን።

ስብራቶችን፣ ስንጥቆችን፣ የጀሶ መሬትን፣ የሚንሸራተት ተዳፋትንና የወንዝ መሻገሪያዎችን የሚያሳይ ካርታ ከመስመሩ ጋር አብሮ ለሕዝብ ይውጣ። በጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እጅ ያለው መረጃ ለዚህ መነሻ ይሆናል።

ጥናቱን የሚመረምር፣ ከፕሮጀክቱ ጥቅም የሌለው የባለሙያዎች ቡድን ይቋቋም። ሥልጣኑ አስተያየት በመስጠት አይወሰን። መሬቱ ካላስተማመነ መስመሩን የማስቆም መብት ይኑረው።

ስብራት የሚሻገርበት ቦታ ሁሉ የራሱ ዲዛይን ይኑረው። ወፍራም ብረት፣ ሰፋ ያለ ቦይ፣ ላላ ያለ የአሸዋ ሙሌት፣ በጥብቅ የተፈተሸ ብየዳ፣ በሁለቱም ወገን ፈጥኖ የሚዘጋ ቫልቭ። መቅበሩ የማያዋጣ ከሆነ እንደ አላስካው ከመሬት በላይ ይውጣ። ንቅናቄው ከዚያም በላይ ከሆነ መስመሩ ይዙር።

ቧንቧው አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ክትትል የሚያስገድድና ውጤቱን በየዓመቱ ይፋ የሚያደርግ መመሪያ ይውጣ። ከትልቅ መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ በኋላ መስመሩ ተዘግቶ ሳይፈተሽ አይከፈት።

መስመሩ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የአደጋ ዕቅድ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ጋዝ ከመለቀቁ በፊት ከነዋሪዎች ጋር ልምምድ ይደረግበት። የአካባቢ የእሳት አደጋና የጤና ሠራተኞች ይሠልጥኑ።

በመጨረሻም፣ ከቅድመ ጥናቱ የተቆረጠው ምርመራ ይመለስ። መስመሩ ገና ወረቀት ላይ ነው፤ አሁን ቢዞር የሚባክነው ወረቀት ነው። ለዚህ ደብዳቤ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ መሐንዲሶቻችሁ ባሉበትም ቀርበን እንድናስረዳ ቀጠሮ እንዲያዝልን እንጠይቃለን። የቁፋሮ መዝገቦቻችንንና የናሙና ፎቶዎቻችንን ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ
በአፈርና በድንጋይ ምርመራ የተሰማሩ ባለሙያዎችን በመወከል

ግልባጭ፦
ቧንቧው ለሚያልፍባቸው ወረዳ አስተዳደሮች
ለመገናኛ ብዙኃን